ከፍሬሙ የወጣው ወደብ

ወይዘሮ ኡርሱል ከምሳ ተመልሰው የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ ሲከፍቱ፣ የወርቅ ቅቡ ፍሬም እንደወትሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ ግን ምንም የለም። ሸራው በአራቱም ጠርዝ በስለት ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ገርጥቶ ይታያል። ወይዘሮዋ መጀመሪያ አልጮሁም። ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወጡና ፍሬሙ ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው ነው። ከወንበሩ ሲወርዱ ግን የለቀቁት ጩኸት ዓሣ ተራ ድረስ ተሰማ።

ይህ የሆነው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው። ኢንስፔክተር ቱታን ሳጅን ፓኦሊን አስከትሎ ከሩዋን ከተማ የደረሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፖርቬይን ከዚያ በፊት ረግጧት አያውቅም። ዓመቱ ደግሞ መንግሥት ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ያገሩን ሰዓት ሁሉ በጸደይ አንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት የጀመረበት ዓመት ነው። ቱታን የእጅ ሰዓቱን አስተካክሎ ሆዱን ማስተካከል አቅቶት ነበር፤ ምሳ ሲቀርብለት አይርበው፣ ሲርበው ምሳ አልፏል። እናም ወደዚያች የባሕር ዳር ከተማ ሲገባ ሆዱም ፊቱም ተኮሳትረው ነበር።

«ሥዕሉ ምን ዓይነት ነው?» አለ።

«ምን ዓይነት ነው ይሉኛል እንዴ! የሎርሜል ፖርቬይ ነዋ!» ወይዘሮ ኡርሱል ከመሳቢያ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አወጡ። «ከተማችን ናት። ጠዋት፣ ባሕሩ ሸሽቶ።»

ቱታን ፎቶግራፉን አራቀው፣ አቀረበው። ሠዓሊው ብሩሹን የጠረገበት ሸራ መሰለው። «እዚህ የወደቡ ግንብ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው እንዳይሰማዎት! ነጠብጣብ አይደሉም፣ ሴቶች ናቸው። ባሎቻቸውን የሚጠብቁ። ይቺ ቀይ ሻርፕ ያላት የኔ ቅድመ አያት ናት። ወደቡ ፊት ያለችው ኦኖሪን የኔ ናት ትላለች፤ አይስሟት። ይቺ ሰማያዊዋ ደግሞ የሊዮኒ አያት፣ የዘበኛችን የፊርሚን ሚስት አያት።»

«በምን አወቃችሁ? ፊት እንኳ የላቸውም።»

«ሙሴ ቱታን፣ የራስዎን አያት ፊቷን ካላዩ አያውቋትም?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ባሕር ሬሳ አይመልስም። መቃብር የሌለው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አበባ ይዞ የሚመጣው እዚህ፣ ከዚህ ሥዕል ሥር ነው። ሎርሜልም ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሣለው እንዳይመስልዎት። ነፋሱ ላይ፣ አሸዋው ላይ ቆሞ ነው። አሸዋው ከቀለሙ ጋር ደርቋል፤ ልጆች ሆነን በጣታችን እየነካካን ዘበኛው ያባርረን ነበር።»

ቱታን ስለ አሸዋው ግድም አልሰጠው። «ቁልፉ ማን ማን ጋ ነው?»

በሩም መስኮቱም አልተሰበረም፤ ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ነበር። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ወይዘሮ ኡርሱል ራሳቸው። ሁለተኛው ፊርሚን ኦቭሬ። ሦስተኛው ፕሮስፔር የሚባል ከፓሪስ የመጣ ሠዓሊ ነው፤ ሥዕሉ ለኤግዚቢሽን ወደ ፓሪስ ሊሄድ ስለነበር፣ እስኪመለስ በቦታው የሚሰቀል ቅጂ እንዲሠራ ከንቲባው ቀጥረውት ሁለት ወር ሆኖታል።

«ረቡዕ እንዴት ነበር የቆለፋችሁት?»

«እንደ ሁልጊዜው። ልክ በስድስት ሰዓት፣ እኔና ፊርሚን አብረን ቆለፍን። ሥዕሉ በቦታው ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነን፤ ደቂቃ አናዛንፍም። እኔ ከንቲባው ቤት ምሳ ተጋብዤ ሄድኩ፣ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። በስምንት ሰዓት ስመለስ…» እንባቸው መጣ።

«ወደ ፓሪስ መሄዱን የተቃወመ ነበር?»

«ግማሹ ከተማ! ፓሪስ የገባ ነገር መች ይመለሳል?»

«ከሁሉ የባሰውስ?»

ወይዘሮ ኡርሱል አፍንጫቸውን ተናፈጡ፣ መሐረባቸውን አጠፉ። «ፊርሚን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን እሱ ዝንብ አይገድልም።»

*

ፕሮስፔር የተከራየው ወደቡ ፊት ለፊት፣ እመት ኦኖሪን ቤት ነው። ጺሙ የተንጨባረረ፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው። ቱታን ሲገባ ከእመት ኦኖሪን ጋር ሽንኩርት እየላጠ ያወራ ነበር።

«ቅጂው ይኸው» አለ፣ ጨርቁን ገልጦ። «ጥቂት ይቀረዋል።»

«ጥቂት ይቀረዋል ይላል እንዴ!» እመት ኦኖሪን ቢላዋቸውን አወዛወዙ። «ቅድመ አያቴን ድንች አስመስሏት! ያችን የመሰለች ሴት! ቀይ ሻርፕ ያሰረች ድንች!»

«እማማ ኦኖሪን፣ ሎርሜል እኮ ሊቅ ነበር። እኔ ቀለብተኛ ነኝ።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ቱታንም ሳይወድ ፈገግ አለ። ድንቹን አየው፤ በእርግጥም ድንች ነው።

«ረቡዕ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«የእኩለ ቀኑ ደወል ሲደወል እዚህ ሾርባዬ ፊት። ይጠይቋቸው።»

«ምስክር ነኝ» አሉ እመት ኦኖሪን። «እዚህ ቤት ሾርባ የሚቀርበው በደወሉ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ። ከደወሉ በፊት ማንኪያ ያነሳ፣ ከደወሉ በኋላ የመጣ፣ ጾሙን ያድራል። ይሄ ልጅ ሾርባውን ጠጣ፣ ከዚያ ከአባ ኖርበር ጋር ዳማ ሲጫወት የኡርሱል ጩኸት እስኪሰማ ከዚች ወንበር አልተነሳም። ቄሱን ያጭበረብራል ደግሞ!»

ከእኩለ ቀን እስከ ጩኸቱ። ቱታን በልቡ የፕሮስፔርን ስም ሰረዘ። አባ ኖርበርም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ያንኑ አረጋገጡለት፤ ቸኩለው ነበር፣ የጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ደርሶባቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዝም አለ፤ እስከ ፋሲካ አይደወልም። ለጸሎት የሚጠሩት ልጆች ናቸው፣ የእንጨት ማንኳኪያ ይዘው በየመንገዱ እየተንጫጩ።

*

ፊርሚን ኦቭሬ ዱሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የመርከብ ገመድ ሁለት ጣቱን ከበላው ወዲህ ነው ዘበኛ የሆነው። ቱታን ቤቱ ሲደርስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን በማንኪያ ወተት ያጠጣት ነበር። ሴትየዋ ከትራሱ እኩል ነጥታለች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የባሕሩ ብርሃን አልጋው ላይ ፈሷል።

«ሙሴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለ ፊርሚን ሳይዞር። «ከኔ እጅ በቀር አትውጥም። አንቺ ሊዮኒ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እ? ለኔ ስትይ።»

ሊዮኒ ዋጠች። ፊርሚን ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፊቱ በራ።

በሽተኞችን የሚጠይቁት እማሆይ ክሎቲልድ ኩሽና ነበሩ። ቱታን እሳቸውን ለብቻቸው ጠየቃቸው።

«ረቡዕ? መጥቻለሁ» አሉ። «የመጣሁት ከእኩለ ቀኑ ደወል ብዙ ቀደም ብዬ ነው። ፊርሚንም ገና መግባቱ ነበር። አንሶላዋን አብረን ቀየርን፣ አጠብናት። ደወሉ ሲደወል ሦስታችንም ጸሎት አደረስን። ከዚያም ስትተኛ ቆይቼ ነው የሄድኩት።»

«በዚያ ሁሉ ጊዜ አልወጣም?»

«ወዴት ይወጣል ልጄ? ሐኪሙ እኮ ተስፋ ቆርጧል። ፋሲካን ካየች ተአምር ነው።»

እማሆይ ወደ በሽተኛዋ ሲገቡ ቱታን ፊርሚንን ግቢ ውስጥ አወጣው። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር እየቆረቆረው ነው።

«ማዘጋጃ ቤቱን ስትቆልፉ ከወይዘሮ ኡርሱል ጋር ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ደወሉ ሲደወልስ?»

«እዚህ። ከሊዮኒ ጋር።»

«ቆይ እስቲ። በእኩለ ቀን እዚያ በር ላይ ቆመህ ነበር። በእኩለ ቀን እዚህ ጸሎት ታደርግ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ ስንት ነህ?»

ፊርሚን የተቀለደበት መሰለው። «ጌታዬ፣ የማዘጋጃ ቤቱ እኮ የእናንተ…»

«የጠየቅኩህን መልስ! የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁለቱም እውነት ነው።»

«ሁለቱም!»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ፊርሚን ቱታንን ረስቶት ሮጦ ገባ። ቱታን ግቢው መሐል ብቻውን ቀረ። ሰውየው አሳዘነው፤ ቢሆንም በሃያ ዓመት ሥራው ያሳዘኑት ሌቦች ብዙ ናቸው። መነኩሲቷም ቢሆኑ ለሟች ሚስት ሲሉ ትንሽ ቢዋሹ ማን ይፈርድባቸዋል?

*

ያም ሆኖ ለመቸኮል አልፈለገም። በስቅለት ዕለት ጠዋት፣ ወደቡ ላይ ያንድ እንግሊዛዊ ሀብታም ጀልባ ቆማለች ሲባል ሄዶ ከላይ እስከ ታች በረበራት። ሳጅን ፓኦሊ ትራሶቹን ሳይቀር ቀደደ። የተገኘው ያልተቀረጠ ውስኪ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ላባ እየረገፈበት ቆሞ ለኤምባሲው እከሳለሁ ሲል ዋለ።

ከሰዓት በኋላ የፊርሚን መጋዘን ተፈተሸ። መረቡ ሥር የተጠቀለለ ሸራ ሲገኝ የቱታን ልብ ዘለለ። ተዘረጋ። አሮጌ የጀልባ ሸራ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ከጎኑ ግን የዓሣ ቢላዋ ተገኘ፣ ጸጉር የሚቆርጥ ስለት። በፖርቬይ እንዲህ ያለ ቢላዋ የሌለው ቤት የለም፤ ቢሆንም ለዳኛው በስልክ ሲነገር ጥሩ ይመስላል። ቁልፍ አለው፣ ቢላዋ አለው፣ ሥዕሉ እንዳይሄድ ከማንም በላይ ተቃውሟል፣ የት እንደነበር ሲጠየቅ ይዋሻል። ዳኛው ሻንጣቸውን ለበዓል እየሸከፉ ነበር። «ያዘው፣ ከበዓል በኋላ አየዋለሁ» አሉ።

ፊርሚን ካቴናውን ሲያይ አልታገለም። እጆቹን ዘረጋና ዓይኑን ቱታን ላይ ተከለ።

«ጌታዬ፣ ልለምንዎ። እሰሩኝ፣ ግድ የለም። እዚሁ ቤት፣ አልጋው እግር ላይ እሰሩኝ። ከኔ እጅ በቀር አትውጥም እኮ።»

«ሥዕሉን የት እንዳደረግከው ንገረኝ፣ ዛሬውኑ እመልስሃለሁ።»

«ባውቅ እደብቅዎታለሁ? ለአንድ ሥዕል ብዬ?»

«እንግዲያው እማሆይ ያጎርሷታል።»

«አትቀበላቸውም! ሞክረዋል፣ አትቀበላቸውም!» አለና ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጎረቤቶች በየደጃፋቸው ቆመው ያያሉ። ቱታን ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ዝቅ አድርጎ መኪናውን አስነሳ። ምን ያድርግ? ሥራ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ፕሮስፔር ሻንጣውንና በገመድ የታሰረ ሥዕሉን ይዞ ጣቢያ መጣ።

«እኔን አሁንም ትፈልጉኛላችሁ? እንግሊዝ አገር ሥራ አግኝቻለሁ። መርከቡ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።»

«ቅጂውን ትወስደዋለህ እንዴ?»

«ከንቲባው አልፈልግም አሉ። ሥዕሉ በተሰረቀበት ቦታ ድንች አልሰቅልም ብለው። እኔም ደመወዜ ቀረብኝ።»

ቱታን ሕግ አክባሪ ነው፤ ገመዱን አስፈታውና አየ። ግራጫ ሰማይ፣ የሸሸ ባሕር፣ ግንቡ ላይ የቆሙት ሴቶች። ከትናንት ወዲያ ካየው የተሻለ መሰለው። ጥግ ላይ በአውራ ጣቱ ነካው፤ እርጥብ ሰማያዊ ቀለም ጣቱ ላይ ቀረ። የመቶ ዓመት ሥዕል እንዲህ አይረጥብም። መሐል ላይም ዳሰሰው፤ ቀለሙ ሥር የሆነ ነገር ሻከረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሸዋ» አለ ፕሮስፔር ሳያቅማማ። «በዚህ አገር ሾርባውም አሸዋ አለው።»

ቱታን ሳቀ። ገመዱን ራሱ አሰረለት፣ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገና መልካም መንገድ ተመኘለት። ከዚያ ፊርሚንን ይዞ ወደ ሩዋን ሄደ።

*

የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ በበዓል ቀን፣ እማሆይ ክሎቲልድ ቤቱ ደወሉለት። «ከሄደ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም። ዛሬን አታልፍም። ሰው ከሆንክ አምጣልኝ።»

ቱታን እህል በአፉ ሳይዞር ተነሳ። ብቻውን እየነዳ ወደ ፖርቬይ መጣ። አንድ ሐሳብ ነበረው፤ መነኩሲቷ ውሸታቸውን ካመኑ፣ ፊርሚንም ያምናል፣ ነገሩ ባንድ ቀን ያልቃል።

ሊዮኒ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ቱታን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማሆይ፣ አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ለሷ ብለው ነው የዋሹት፣ ይገባኛል።»

«እኔ?» የመነኩሲቷ ፊት ቀላ። «ስድሳ ዓመት ቆቤን የደፋሁት ላንተ ልዋሽ ነው?»

«ወይዘሮ ኡርሱል በእኩለ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አብሮኝ ነበር ይላሉ። እርስዎ በእኩለ ቀን እዚህ ነበር ይላሉ። አንዳችሁ…»

በዚህ መሐል ደወሉ ተደወለ። ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ብርጭቆው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እማሆይ ንግግሩን እንዳልሰማ ትተው አማተቡና የእኩለ ቀኑን ጸሎት ጀመሩ። አልጋው ላይ የሊዮኒም ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

ቱታን ሰዓቱን አየ። ጆሮው ላይ አደረገው። ይሠራል። ሰባት ሰዓት ይላል።

ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመ። «ይሄ… የምን ደወል ነው?»

«የእኩለ ቀን ነዋ።»

«እኩለ ቀንማ አንድ ሰዓት አልፎታል!»

«እሱ የመንግሥት ነው» አሉ እማሆይ። «አባ ኖርበር ደወሉን አልነካውም። ፀሐይም ባሕሩም ዓዋጅ አያነቡም ብሎ። እኛም በደወሉ ነው የምንበላው፣ በደወሉ ነው የምንተኛው። በአዲሱ የሚሠሩት ማዘጋጃ ቤትና ባቡር ጣቢያ ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?»

የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ምርመራውን የያዘው። በፖርቬይ ሰው «ደወሉ ሲደወል» ሲል የትኛው ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቱታንም አልጠየቀም። ከደረሰ ጀምሮ ደግሞ ደወሉ ዝም ብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ያ ሰው «የማዘጋጃ ቤቱ እኮ የእናንተ…» ሲል አፉን ያስያዘው ማን ሆነና!

ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁሉን ከመጀመሪያው አሰበው። ማዘጋጃ ቤቱ ተቆለፈ። ፊርሚን ቤቱ ገባ፣ መነኩሲቷ አገኙት፣ አንሶላ ቀየሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ ተደወለ፣ ከዚያም ቆዩ። ቀኝና ግራው ምስክር ነው። ሾርባ ፊት የተቀመጠውስ? ከደወሉ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ሙሉ የማንም አይደለም። ሁለት ወር እዚህ የኖረው ፕሮስፔር ሁለቱንም ሰዓት ያውቃል። አንዲት ቃል እንኳ አልዋሸም፤ ደወሉን ብቻ ጠቀሰ፣ የቀረውን ቱታን ራሱ ሞላለት።

እመት ኦኖሪን ቤት ሲደርስ የፕሮስፔር ክፍል ገና አልተጠረገም። ምድጃው አመድ ውስጥ እጁን ከተተ። ያልተቃጠለች ቁራጭ ሸራ አገኘ፤ ላይዋ ላይ ቀይ ሻርፕ ያሰረች ድንች።

እመት ኦኖሪን ቁራጯን አዩ። «የተቃጠለው የሱ ከሆነ… ታዲያ ይዞት የሄደው ምንድን ነው?»

ቱታን አውራ ጣቱን አየው። ጥፍሩ ሥር ያች ፕሮስፔር ዋናው ሥዕል ቅጂ እንዲመስል ጥጉ ላይ የቀባት ሰማያዊ ቀለም አሁንም አለች። ሎርሜል ነፋስ ላይ ቆሞ የደባለቀውን አሸዋ በጣቱ ዳስሶ፣ ገመዱን በገዛ እጁ አስሮ ሸኝቶታል።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ስልክ ብቻ ነው። የእንግሊዝ ወደብ ፖሊስ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመውና ቅዳሜ የገቡት መንገደኞች ተበትነዋል አለ። የዳኛው ቤት አይነሳም። ጎረቤት ተነሳና አማቾቻቸው ዘንድ ገጠር ናቸው አለ፣ ስልክ የሌለበት። ወህኒ ቤቱ ዘንድ ተረኛው በትሕትና መለሰ።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ያስገቡትን ሰው እርስዎ ማስወጣት አይችሉም። የዳኛው ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ንጹሕ ነው እያልኩህ!»

«አይደለም አላልኩም ጌታዬ። ፊርማ ነው።»

«ሚስቱ እየሞተች ነው፣ ስማኝ!»

ተረኛው «እግዜር ያጽናው» አለ፤ ዘጋው።

ሳጅን ፓኦሊን ዳኛውን ፍለጋ ወደ ገጠር ላከና ወደ በሽተኛዋ ተመለሰ። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም። እማሆይ ወተቱን አሙቀው ማንኪያውን ያቀርባሉ፤ ሊዮኒ ጥርሷን ትገጥማለች። ቱታን ማንኪያውን ተቀበለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሱ ስትይ አላት። ወተቱ በአገጯ ላይ ፈሰሰ። ሲጠርግላት ዓይኗን ገለጠች።

«ፊርሚን መጣ?»

«ነገ ጠዋት ይመጣል። ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ያለውን የሰማችው አትመስልም። «ጀልባው ዘገየ» አለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ትንፋሿ ቆመ። እማሆይ ዓይኖቿን ከደኑና ቱታንን በዚያ በደከመ ዓይናቸው አዩት። አልሰደቡትም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

*

ማክሰኞ ጠዋት ዳኛው ፈረሙ። ፊርሚን ከወህኒ በር ሲወጣ ጺሙ አድጓል፣ ትከሻው ጎብጧል፤ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ ጠየቀ።

«እንዴት አደረች?»

ቱታን ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ እንዲጮህለት ነዳጁን ረገጠ። ሌሊቱን ሙሉ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ነበር ያደረው። አንዱም አልወጣለትም። «እማሆይ አጠገቧ ናቸው» አለ። ውሸት አይደለም።

«እሳቸውማ ደግ ናቸው» አለ ፊርሚን። «በላች?»

«ትንሽ… ሞከርን።»

«አልበላችማ! አላልኩዎትም? ምንም አይደለም፣ እኔ ስደርስ ትበላለች። ወተት ላይ ቅቤ ጠብ ሳደርግባት ነው የምትወደው።» ዞሮ መንገዱን አየ። «ሥዕሉስ? ተገኘ?»

«አልተገኘም። የሚገኝም አይመስለኝም። ይዞት የሄደውን ሰው የሸኘሁት እኔ ነኝ።»

«ይቺን ለሊዮኒ አንነግራትም» አለ ፊርሚን። «አያቷ ናት እዚያ ላይ ያለችው። ሰማያዊዋ። ሲሻላት እነግራታለሁ።»

ቱታን ቆም ላድርግ አለ። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ እነግረዋለሁ አለ። መታጠፊያው አለፈ። የፖም ማሳው አለፈ፣ አበባው ፈንድቶ። ከኮረብታው ላይ ባሕሩ ሲታይ ፊርሚን ወደፊት ተስቦ ተቀመጠ፣ ለመውረድ እንደሚቸኩል ሰው።

መንገዳቸው ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቷል። እመት ኦኖሪን፣ ወይዘሮ ኡርሱል፣ ሌሎችም። ማንም እጁን አላወዛወዘም።

«ለኔ ነው የወጡት?» አለ ፊርሚን እያፈረ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። የቤቱን መስኮት አየ። ሁለቱም የእንጨት መዝጊያዎች ተዘግተዋል።

«ማነው መስኮቱን የዘጋባት?» አለ ተቆጥቶ። «ብርሃን ካላየች እኮ ትጨነቃለች! አልነገራችኋቸውም?»

ቱታን መኪናውን አቆመ።

«ፊርሚን» አለ።

ፊርሚን ዞረና አየው። ጠጋ ብሎ፣ በደንብ። ያች «ፊርሚን» በቃችው፤ ሌላ ቃል አልጠበቀም። በሩን በዝግታ ከፈተ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቆቡን አወለቀ፣ በዚያ ሦስት ጣት በቀረው እጁ ጸጉሩን አስተካከለና፣ እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳ።